ያልተመነዘረ አርባ ብር

ሰኞ ገበያ ዳር ኮረሪማ ስሸጥ፣
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በጦሳ ብርድ ስቀመጥ፣
እቁብ እየወጣልኝ፣ እቁብ እየጣልኩኝ፣
የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የበዓል ልብስ እያለፍኩኝ፣
ያ ሁሉ ዓመት በባንክ መስኮት ገብቶ
ወጣ በወዲያ በኩል፣ ሪያል ሆኖ፣ ቀጥኖ፣ ከስቶ።

መቀነቴን ፈትቼ በሁለት ቋጠርኩት፤
አንዱን ለሆድ አልኩት፣ አንዱን ለጎደለበት።
የእርዱ ከጉዞው ሒሳብ ቀድሞ ተከፍሏል፤
ደረሰኙ ከፓስፖርቴ ጋር ተጣጥፏል።
ሦስተኛ ቋጠሮ አላሰብኩም ነበር፤
እሱን ያስቋጠረኝ ጨው ነጋዴው ይመር።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀር ሰፈሩን አዳረስኩ፤
የረሳሁትን ሳይቀር "አውፍ በሉኝ" እያልኩ።
ሁሉም አውፍ አለኝ፤ ይመር ብቻ ቀረ፤
ደብተሩን ገለጠ፣ በጣቱ ቆጠረ፦
"አርባ ብር አለብሽ፤ የአምና ክረምት ጨው።"
"ይኸው" ብዬ ብዘረጋ እጄን መለሰው።
"ዕዳ ይዤ እንዴት ነው ያን ቤት የማየው?"
"አበዳሪሽ ፈቅዷል፤ ምን ያስጨንቅሻል?
ስትመለሽ ክፈይኝ።
ዕዳ ያለበት ሰው መንገዱን ያውቃል።"

አራት ድፍን አስር ብር በወገቤ ቋጥሬ
ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ፤ ከኮምቦልቻ ሄድኩ በርሬ።

መካ ላይ ሁሉን ነገር በኮረሪማ መነዘርኩ፤
ውሃው አንድ ጣሳ፣ ታክሲው አንድ ቁና፤
ሩዙን አይቼ አለፍኩ።
አብራኝ ያደረችው ዘይባ፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፣
በመጀመሪያው ቀን ሸምታ ጨረሰች፣
ሽቶና መስገጃ፣ ለአማት፣ ለምራት፣ ለዘበኛ።
በአምስተኛው ምሽት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ
"ሉባባ፣ ሆዴ..." አለች። ዳቦ ቆረስን በጋራ።
ለአንድ ሆድ የቋጠርኩትን ሁለት ሆድ ሲበላው
አልቆ ቁጭ አለ፤ ለጎደለበት ያልኩትም ተከተለው።
ልትከፍለኝ ምላለች። እስካሁን አልመጣችም።
ግማሹን አውፍ ብያታለሁ፤
ግማሹን ገና አልቆረጥኩም።

ሦስተኛውን ፈታሁ፣ እፍረት ይዞኝ፣ ቀስ ብዬ፤
ከመንዛሪው ፊት ዘረጋሁ "ስንት ይሆናል?" ብዬ።
ወጣቱ አገላበጠው፣ ወደ መብራት ያዘው፣
በሁለት ጣቱ ገፋው፤ "ይህን አናውቀው።"
ደሴን የገፋ መሰለኝ፤ ደሜ ፈላ፤
ሳቄ አመለጠኝ ኋላ።
የማይበላ ገንዘብ! ይመር ይህን ያውቅ ኖሯል?
የአደራ ብር በሰው አገር ራሱን ይጠብቃል።

ሰባት ጊዜ ዞርኩ፤ ሰባቱንም አብሮኝ ዞረ
የሸዋ በር የጨው ዕዳ፣ በላቤ እየራሰ፣ እያደረ።
ሰው ሁሉ ጀነትን፣ ልጅን፣ ጤናን ሲለምን
ያጠናሁት ዱዓ ጠፋኝ፤ ያለኝን ተናገርኩ ያን ቀን፦
"ጌታዬ፣ አርባ ብር አለብኝ።
ሳልከፍል አታስቀረኝ።"

ደሴ ስገባ ጉም ነበር። እንግዳ ቤቴን ሳይሞላ
ሸዋ በር ደረስኩ፣ ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ኋላ።
"ሐጅ መብሩር" አለ ይመር፤ አርባውን ተቀበለ፤
ሳይቆጥር፣ ሳያሸት፣ መሳቢያው ውስጥ ጣለ።
ወዲያው አንድ ልጅ መጣ መቶ ብር ይዞ፤
መልስ ሲሰጠው ከእኔዎቹ አንዱ ወጣ ተጉዞ
በቧንቧ ውሃ መንገድ፣ በትንሽ መዳፍ ተጨምድዶ።
"ያ እኮ ዞሯል!" ልል ነበር።
ዝም አልኩ። ልጁም ሮጠ።

"ጨው ስንት ገባ?" "ጨምሯል።" "በል ግማሽ ኪሎ ስፈር፤
እስከ መጪው ሰኞ በዱቤ ይሁን፣ ይመር።"
ደብተሩን ገለጠ፣ አሮጌውን መስመር ሰረዘ፤
ስሜን ጽፎ ቆመ፤ እስክሪብቶውን ደግሞ ያዘ፤
ከፊቱ አንዲት ቃል ጨመረበት ቀስ ብሎ።
"ሐጃ ሉባባ" ይላል። "ጨው፣ ግማሽ ኪሎ።"